የሌለን ጋብቻ ማስረዳት፦ በውጭ ሀገር ለሚኖሩ የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰዎች የሚሰጥ «ያላገባ» ማስረጃ

አሕጽሮተ ጥናት

በውጭ ሀገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዚያው ሀገር ሕግ መሠረት ጋብቻ ለመፈጸም ሲነሣ በብዙ ቦታ አስቀድሞ የሚጠየቀው በሌላ ጋብቻ ያልታሰረ መሆኑን የሚያስረዳ ሰነድ ነው። ይህ ጽሑፍ የሰነዱን ሕጋዊ መሠረት፣ በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች የሚያርፍበትን የመዝገብ ሁኔታ፣ እንዲሁም የማስረጃነት ዐቅሙን ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ ወረዳ በእውነት ሊያረጋግጥ የሚችለው አመልካቹ በአካባቢው የኖረበትን ዘመንና በመዝገቡ የተጻፈውን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰነዱ ግን እስከ ተሰጠበት ቀን ያለውን ጊዜ ሁሉ እንደሚሸፍን ተደርጎ ይነበባል የሚል ነው። ክፍተቱን ለማጥበብ የሰነዱ ቃል፣ የአመልካቹ መሐላና የመዝገቦች ትስስር አብረው መሻሻል እንዳለባቸው ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ ያላገባ ማስረጃ፣ ወሳኝ ኩነት፣ ውክልና፣ የክብር መዝገብ ሹም፣ ቦሌ፣ ለሚ ኩራ

1. መግቢያ

ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ቀንና ቦታ ያላቸው ኩነቶች በመሆናቸው ይመዘገባሉ፤ ከመዝገቡም የምስክር ወረቀት ይወጣል። አለማግባት ግን ኩነት ስላልሆነ የሚመዘገብበት ቀን የለውም። ስለዚህ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ከሌሎቹ የሲቪል ምዝገባ ሰነዶች የሚለየው፣ የተፈጸመን ነገር ሳይሆን ያልተፈጸመን ነገር እንዲያስረዳ የሚጠበቅበት በመሆኑ ነው።

ጉዳዩን ለማሳየት ያህል፣ ከቦሌ ክፍለ ከተማ በ2006 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን የሄደችና ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያ ለማግባት የወሰነች ሴትን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። የጣሊያን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 116 በጣሊያን ለማግባት የሚፈልግ የውጭ ሀገር ዜጋ፣ በሀገሩ ሕግ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር አለመኖሩን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከሀገሩ ባለሥልጣን እንዲያቀርብ ያዝዛል። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1309ም ተመሳሳይ ግዴታ አለው፤ ሆኖም ሀገሩ እንዲህ ያለ ሰነድ ለማይሰጥ ሰው የከፍተኛው የክልል ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ከግዴታው ነጻ ሊያደርገው እንደሚችል ይደነግጋል።

ሰነዱ ካልቀረበ ጋብቻው ይዘገያል። ከጋብቻው ጋር የተያያዙ የመኖሪያ ፈቃድና ቤተሰብን የማገናኘት ጥያቄዎችም አብረው ይዘገያሉ። በሌላ በኩል ሰነዱ ያለ በቂ ማጣራት ከተሰጠ፣ በሀገር ቤት በሽማግሌ ተድራ የቀረች ሚስት ወይም የቀረ ባል መብቱን ሊያጣ ይችላል። የማስረጃው ጥያቄ እነዚህን ሁለት ጉዳቶች በአንድነት የማመዛዘን ጥያቄ ነው።

2. «ያላገባ» እና «ለጋብቻ እንቅፋት የሌለበት»

በአማርኛ «ያላገባ» የሚለው ቃል በተለመደው አገባቡ ከዚህ በፊት ትዳር ይዞ የማያውቅን ሰው ያመለክታል። የውጭ ሀገር የምዝገባ ሹም የሚጠይቀው ግን ሰፋ ያለ ነገር ነው፤ አመልካቹ አሁን ለማግባት ሕጋዊ እንቅፋት አለበትን? የሚል ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ሦስት ዓይነት አመልካቾችን መለየት ያስፈልጋል። ፈጽሞ ያላገባው ሰው «ያላገባ» ማስረጃ ይጠይቃል። የተፋታው የፍርድ ቤት ውሳኔና የፍቺ የምስክር ወረቀት፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ደግሞ የጋብቻና የሞት የምስክር ወረቀት ማቅረብ ይኖርበታል። ለሁለቱ የኋለኞች «ያላገባ» የሚል ወረቀት መስጠት የቀድሞውን ጋብቻ እንዳልነበረ መቁጠር ይሆናል።

ከዚህም በላይ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ለጋብቻ እንቅፋት የሚሆኑት ነገሮች ብዙ ናቸው። ቀድሞ በጸና ጋብቻ መታሰር በአንቀጽ 11 የተከለከለ ሲሆን፣ ዕድሜ፣ የሥጋና የጋብቻ ዝምድና፣ በፍርድ መከልከል እንዲሁም ለሴት ከቀድሞው ጋብቻ መፍረስ በኋላ ሊያልፍ የሚገባው የ180 ቀን ጊዜ በየአንቀጻቸው ተደንግገዋል። «ያላገባ» ማስረጃ ከእነዚህ ሁሉ የሚመልሰው አንዱን ብቻ ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጐም ግን ሁሉንም እንደመለሰ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

3. ሕጉና የመዝገቡ ታሪክ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ዝርዝር ድንጋጌዎች ነበሩት። ነገር ግን የዚሁ ሕግ አንቀጽ 3361 የድንጋጌዎቹን ተፈጻሚነት አገደ፤ እገዳውም ለዐሥርት ዓመታት ቆየ። አገር አቀፍ የምዝገባ ሥርዐት በሕግ የተቋቋመው በወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በተግባር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተፈጸመ ጋብቻ በመዝገብ አለመገኘቱ አለመፈጸሙን አያሳይም።

የቤተሰብ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዐትና በባህል ሥርዐት የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን እኩል ይቀበላል። በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ እንዲመዘገብ ሕጉ ቢያዝም፣ ባለመመዝገቡ ብቻ ጋብቻነቱን አያጣም። የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሌላቸው ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲታወቁ መኖራቸውን በማስረዳት ጋብቻቸውን በፍርድ ቤት ሊያረጋግጡ ይችላሉ። በአንጻሩ በአንቀጽ 98 እና በተከታዮቹ የተመለከተው፣ ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር፣ የንብረትና የልጅ ውጤት ቢኖረውም ጋብቻ አይደለም። ጎረቤት ግን ሁለቱን በቀላሉ አይለያቸውም። ስለዚህ አንድ ምስክር «አግብቷል» ወይም «አላገባም» ሲል የሚናገረው ስላየው አኗኗር እንጂ ስለ ሕጋዊ ሁኔታው ላይሆን ይችላል።

በውጭ ሀገር የተፈጸመ ጋብቻን በተመለከተ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 5፣ ጋብቻው በተፈጸመበት ቦታ ሕግ መሠረት እስከተፈጸመና የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያም የጸና መሆኑን ይደነግጋል። ይህም ማለት በሮም ወይም በዱባይ የተፈጸመ ጋብቻ የቦሌ ወረዳ ባያውቀውም በሕግ ፊት ጋብቻ ነው።

4. የነዋሪው ፋይልና የምሥራቅ አዲስ አበባ ለውጥ

መዝገቡ ዘግይቶ በመጀመሩ፣ ለረጅም ዘመን የሰውን የቤተሰብ ሁኔታ ይዞ የቆየው የቀበሌ ፋይል ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 መነሻነት የተደራጀው ቀበሌ የቤተሰቡን አባላት ስም፣ ዕድሜና ዝምድና ይመዘግብ ነበር። ዛሬ ይህ አገልግሎት በወረዳ ደረጃ በሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ይሰጣል። «ያላገባ» ማስረጃም የሚጠየቀው አመልካቹ ፋይል ባለበት ወረዳ ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ «ፋይሉ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ችግር ነው። የቦሌ ክፍለ ከተማ ከአየር ማረፊያው ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እጅግ ሰፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ለሚ ኩራ ዐሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተቋቋመ። ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳን የመሰሉ ሰፊ የመኖሪያ አካባቢዎችም በአዲሱ ክፍለ ከተማ ሥር ገቡ። ከዚህ በፊት ወደ ውጭ የሄደ ሰው በእጁ ያለው መታወቂያ «ቦሌ» የሚል ሲሆን፣ የቤተሰቡ መኖሪያ ግን ዛሬ በለሚ ኩራ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ በመልሶ ማልማት ወይም በጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ምክንያት ከተነሣ ደግሞ መሸኛው፣ አዲሱ ፋይልና የቀድሞው ፋይል በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይፈለጋሉ።

የቦታው ለውጥ የምስክሩንም ዐቅም ይነካል። በቆየ ሰፈር የዕድር ዳኛና የረጅም ጊዜ ጎረቤት የማን ልጅ መቼ እንደተዳረ ያስታውሳሉ። ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች በተሞላ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ግን ከዐሥር ዓመት በፊት ስለሄደ ሰው የሚመሰክር ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል። ምስክሮቹ የቤተሰቡ ዘመዶች ብቻ ሲሆኑም የቃላቸው ገለልተኛነት ይቀንሳል።

ስምም ተጨማሪ ችግር ነው። ኢትዮጵያውያን የሚጠሩት በራሳቸው፣ በአባታቸውና በአያታቸው ስም ስለሆነ ሴት ስታገባ ስሟ አይለወጥም። በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ፤ በፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስምም ከአማርኛው ፋይል ጋር በአንድ ወጥ መንገድ ላይገጥም ይችላል። በስም ብቻ የሚደረግ ፍለጋ ያገባውን ሰው ሊስት፣ ያላገባውን ደግሞ በሞክሼው ምክንያት ሊያስጠረጥረው ይችላል።

5. የውክልናው መንገድ

በውጭ ያለ ሰው በአካል መቅረብ ስለማይችል ጉዳዩን በአብዛኛው የሚያስፈጽመው በወኪል ነው። ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይዘጋጃል፤ ሀገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ያልፋል። ከዚያም ወኪሉ፣ ብዙ ጊዜ እናት፣ ወንድም ወይም እኅት፣ ለወረዳው ያመለክታል። ማስረጃው ከተሰጠ በኋላ ትርጉሙና ማረጋገጫው ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ሰነዱ ወደሚቀርብበት ሀገር ኤምባሲ ሊሄድ ይችላል። የተቀባዩ ሀገር ባለሥልጣን ሰነዱን የሚቀበለው ከተሰጠ ጥቂት ወራት ካላለፉት ብቻ ከሆነ፣ ከአንዱ ደረጃ መዘግየት የተነሣ ጉዞው እንደገና ሊጀመር ይችላል።

የቤተሰብ ሕጉ በአንቀጽ 12 ጋብቻን በእንደራሴ መፈጸምን በመርሕ ይከለክላል፤ በበቂ ምክንያት የፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ምክንያቱም ፈቃድ የግል ነገር ነው። አለማግባትም በተመሳሳይ ከሁሉ አስቀድሞ በባለቤቱ የሚታወቅ ነገር ነው። ወኪል ወረቀቱን ሊያመጣ ይችላል፤ ወካዩ በውጭ ሀገር ስላሳለፈው ሕይወት ግን በራሱ ዕውቀት ሊናገር አይችልም። አሁን ባለው መንገድ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ሰው ቃል ከሁሉ ያነሰ ቦታ ይዟል።

6. ሁለት ዘመን፣ አንድ ወረቀት

ወደ ምሳሌው ስንመለስ፣ በ2006 ዓ.ም. ስለ ሄደችው ሴት ወረዳው በ2016 ዓ.ም. ማስረጃ ቢሰጥ፣ በፋይሉ መሠረት የሚያውቀው እስከ 2006 ያለውን ነው። ስለ ተከታዮቹ ዐሥር ዓመታት የሚያውቀው ነገር ቢኖር ከዘመድ የሰማውን ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 በውጭ ሀገር ለሚገኙ የኢትዮጵያ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች የክብር መዝገብ ሹምነት ሥልጣን ስለሚሰጥ፣ ኤምባሲው የሁለተኛውን ዘመን መዝገብ ሊይዝ ይችላል። ኤምባሲው የሚያውቀው ግን ወደ እርሱ መጥተው የተመዘገቡትን ነው። ሁለቱም ተቋማት የማያዩት ቦታ ይቀራል፤ በውጭ ማዘጋጃ ቤት ተፈጽሞ ለኤምባሲ ያልተነገረ ጋብቻ፣ እንዲሁም ለበዓል ወይም ለሐዘን ሲመጡ በሽማግሌ ተፈጽሞ ያልተመዘገበ ጋብቻ።

በደራቢ ጋብቻ ላይ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ቅጣት መደንገጉ አንድ ጥበቃ ነው። ቅጣቱ ግን የሚመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በአንጻሩ በዩናይትድ ስቴትስ ማዕከላዊ የጋብቻ መዝገብ ስለሌለ፣ አንድ ሰው ነጠላ መሆኑን የሚያስረዳው በአብዛኛው በሕግ አዋዋይ ፊት በሚሰጠው የመሐላ ቃል ነው። ይህ መንገድ የመዝገብን ቦታ ባይተካም ኀላፊነቱን በተናጋሪው ላይ በግልጽ ይጥላል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ትንተና አራት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የሰነዱ ቃል ከመዝገቡ ዐቅም ጋር መመጣጠን ይኖርበታል። «አላገባም» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ጋብቻ ተመዝግቦ አልተገኘም» ማለት ለሰጪውም ለተቀባዩም እውነተኛ ነው። ሁለተኛ፣ የአመልካቹ የመሐላ ቃል በኤምባሲ ተወስዶ ከውክልናው ጋር ቢላክ የሁለተኛው ዘመን ክፍተት በባለቤቱ ኀላፊነት ይሸፈናል። ሦስተኛ፣ የኤምባሲና የከተማ መዝገቦች በአንድ መለያ ቢተሳሰሩ የሞክሼነትና የፊደል ችግር ይቀንሳል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ የጋብቻን ሁኔታ ለመመዝገብ የተዘጋጀ ባይሆንም፣ እንደ ማያያዣ ቁጥር ሊያገለግል ይችላል። አራተኛ፣ ክፍለ ከተሞች ሲከፈሉና ነዋሪዎች ሲነሡ የቀድሞው ፋይል አብሮ መተላለፉ እንደ ቤትና መሬት ሰነድ ሁሉ ሊታሰብበት ይገባል።

እነዚህ ሁሉ ቢሟሉም በሽማግሌና በሃይማኖት ሥርዐት የሚፈጸሙ ጋብቻዎች በወቅቱ እስካልተመዘገቡ ድረስ ክፍተቱ ፈጽሞ አይዘጋም። ስለዚህ በውጭ የሚኖረው ሰው የሚጠይቀው «ያላገባ» ማስረጃ አስተማማኝነት የሚጀምረው ሀገር ቤት ያገቡት ሰዎች ጋብቻቸውን ከሚያስመዘግቡበት ቀን ነው።