የጢም ጥናት

ምንባብ

ጢም በግእዝ ጽሕም ይባላል። ብዙ ሰው ስለ ጢም ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር ያለ አይመስለውም፤ ወይ ይላጨዋል ወይ ያሳድገዋል። ነገር ግን ይህን የአገጭ ጠጉር አርእስት አድርገው የተመራመሩበት፣ ብያኔ የሰጡት፣ በዓይነት በዓይነቱ የከፈሉት፣ የጥንት ሊቃውንትንም ምስክር አድርገው የጠሩለት ጸሐፊዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ስላቃዊ ጥናት ልንለው እንችላለን። ታናሽ ነገር ታላቅ ካባ ለብሶ ሲቀርብ አንባቢ ይሥቃል፤ ጸሐፊው በሣቁ ሥር የሸሸገውን ለማግኘት ግን አስተውሎ ማንበብ ያሻል።

በ1854 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶማስ ጎዊንግ የተባለ እንግሊዛዊ በኢፕስዊች ከተማ ስለ ጢም ፍልስፍና ንግግር አደረገ፤ ንግግሩም ታተመ። ጢም አልባነት የአካልና የመንፈስ ድካም ምልክት ነው ለማለት ከየዘመኑ ታሪክ ማስረጃ ለቃቀመ። ቀልድና ቁም ነገር የተደባለቀበት ንግግር ነው፤ ማስረጃው ግን የተለቀመው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ታላቁ እስክንድር ጢሙን ይላጭ ነበር። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ ወታደሮቹም እንዲላጩ ያዘዘው ጢም በጦርነት ጊዜ ለጠላት እጅ መያዣ ስለሚሆን ነው። እስክንድር ደካማ ነበር የሚል ካለ የፋርሱን ንጉሥ ዳርዮስን ይጠይቅ!

በአንጻሩ ድዋይት ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1976 ያወጣው ጥናት ሲሰሙት ያሥቃል እንጂ ስላቅ አይደለም። ሮቢንሰን ከ1842 እስከ 1972 በአንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ የወጡትን የወንዶች ምስሎች እየቆጠረ ስንቱ ጢማም፣ ስንቱ የተላጨ እንደ ሆነ መዘገበ፤ የጢም ፋሽንም በዝግታ እንደሚስፋፋና በዝግታ እንደሚቀር አሳየ። እንግዲህ ተማሪዎች፣ አርእስቱ ብቻውን ጽሑፉን ቀልድ አያሰኘውም።

ስለ ጢም ከተጻፈው ሁሉ የሚልቀው ግን የሮማው ንጉሠ ነገሥት የዩልያኖስ ጽሑፍ ነው። ዩልያኖስ ፋርስን ለመውጋት ሲዘጋጅ በ362 አጋማሽ ወደ አንጾኪያ ገባ። ክርስትናን ትቶ የጥንት አማልክትን አምልኮ ለመመለስ ይጥር ነበርና አብዛኛው ክርስቲያን የሆነው የከተማው ሕዝብ አልወደደውም። በዚያ ላይ ድርቅ እህሉን አሳንሶት ነበር፤ የሠራዊቱ መምጣት ደግሞ በላተኛውን አበዛው። ንጉሡ የእህሉን ዋጋ በዐዋጅ ወሰነ፤ ከሌላ አገር፣ ከግብጽም ጭምር፣ እህል አስመጣ። ባለጸጎቹ ግን ርካሹን እህል እየገዙ ከከተማ ውጭ በውድ ሸጡት። ዐዋጅ እህል እንደማያበቅል ንጉሡ የተረዳው አይመስልም።

ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቁጣውንም በንጉሡ ጢም ላይ ተወጣው። በዚያን ጊዜ የሮማ መኳንንት መላጨትን ይወዱ ነበር፤ ዩልያኖስ ግን እንደ ግሪክ ፈላስፎች ጢሙን አሳድጎ ነበርና የከተማው ሰው የፌዝ ግጥም ይገጥምበት ጀመር። ንጉሥ እንደ መሆኑ ሰይፍ ሊያስመዝዝ ይችል ነበር። እርሱ ግን ብዕር አነሣ። በ363 መጀመሪያ «ጢምን የሚጠላ» የሚል አርእስት ያለው ጽሑፍ አዘጋጅቶ በአደባባይ እንዲለጠፍ አደረገ።

የጽሑፉ ብልሃት እንዲህ ነው። ንጉሡ ለራሱ አይከራከርም፤ ይልቁንም ከሰዳቢዎቹ ጋር የተባበረ መስሎ ይቀርባል። ጢሙ የቅማል መራወጫ እንደ ሆነ፣ ሲበላም እንደሚያስቸግረው፣ እነርሱ ካሉት ይበልጥ አክፍቶ ይናገራል። አንባቢው በዚህ ሲሥቅ ነገሩ ቀስ በቀስ ከአገጩ ወደ እህሉ ይዞራል፤ ተሰዳቢው ከሳሽ ይሆናል፤ በድሀው ራብ ያተረፉትም ይወቀሳሉ።

ስላቁ የተራበውን አላጠገበም፤ ንጉሡንና ከተማውንም አላስታረቀም። ዩልያኖስ በዚያው ዓመት ከአንጾኪያ ሲወጣ ወደዚያች ከተማ እንደማይመለስ፣ ከጦርነቱ በኋላ በጠርሴስ እንደሚከርም ተናገረ። ከጥቂት ወራት በኋላ በፋርስ ምድር ቆስሎ ሞተ። የተቀበረው በጠርሴስ ነው።

መልመጃ

1. ጎዊንግና ሮቢንሰን ማስረጃ የሰበሰቡበት መንገድ በምን ይለያያል?
2. ዩልያኖስ አስቀድሞ ራሱን መስደቡ ስለ እህሉ ለሚናገረው ነገር ምን ጠቀመው?
3. ከዘራን፣ ባርኔጣን ወይም ጃንጥላን አርእስት አድርጋችሁ አንድ ገጽ ስላቃዊ ጥናት ጻፉ። በሣቁ ሥር ያለውን ቁም ነገር ጓደኛችሁ ፈልጎ ያግኘው እንጂ እናንተ አትንገሩት።