ብሎን በእጅ ግምት ይጥበቅ ወይስ በመለኪያ?

መኪና በሚጠገንበት ቦታ ሁሉ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ብዙ ዘመን የሠራው መካኒክ «እጄ ያውቀዋል» ይላል፤ ከትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣው ወጣት ደግሞ «መጽሐፉ ቁጥር ሰጥቷል፤ በቶርክ ሬንች ይለካ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በየበኩላቸው ጥቂት እውነት ስለያዙ ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። ነገሩ ግን የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የላላ ብሎን ጎማን ከነቸርኬው አውጥቶ ይጥላል፤ ያለ ልክ የጠበቀ ብሎንም ተበጥሶ ያንኑ ጥፋት ያደርሳል። ስለዚህ እጅ የሚያውቀው ምን እንደ ሆነ፣ መሣሪያውም የሚያውቀው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማየት ይገባል።

ብዙ ሰው ብሎንን እንደ ምስማር አድርጎ ያስበዋል፤ ማለት ገብቶ የሚይዝ ብረት ነው ብሎ ያምናል። በእውነቱ ግን ብሎን ሞላ ነው። ዳዶው ሲዞር የብሎኑ ግንድ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ የተለጠጠውም ብረት ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገል በመካከል ያሉትን ክፍሎች ጨምቆ ይይዛቸዋል። መንኰራኵሩ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚያደርገው ይኸው ጭመቃ ነው። እንግዲህ የምንፈልገው የብሎኑን ውጥረት ማወቅ ሲሆን፣ ውጥረቱ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ በጣትም አይዳሰስም። ልናውቀው የምንችለው ዳዶው ለመዞር ምን ያህል እንደተቃወመን ብቻ ነው። ይህም ቶርክ የሚባለው ነው፤ በቁልፉ ጫፍ ያሳረፍነው ኃይል፣ ከብሎኑ መሐል እስከ እጃችን ባለው ርዝመት ተባዝቶ የሚገኝ ማለት ነው። ለምሳሌ 40 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ቁልፍ ጫፍ ላይ በ25 ኪሎ ኃይል ብንስብ 10 ኪሎግራም-ሜትር፣ ወይም ወደ 98 ኒውተን-ሜትር ይሆናል።

የእጅ ጉድለት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ክንዳችን የሚሰማው 25ቱ ኪሎ ነው እንጂ ብዜቱ አይደለም። ቁልፍ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ 10 ቁጥሩን ቁልፍ አጭር፣ 19ኙን ረጅም አድርገው ይሠሩታል። ሰውየው በተመሳሳይ ጉልበት ቢስብ እንኳ ትንሹ ብሎን ትንሽ፣ ትልቁም ትልቅ ቶርክ እንዲያገኝ ነው። የድሮ መካኒኮች እጅ ትክክል የሚሆንበት አንዱ ምሥጢር ይህ ይመስለኛል፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራላቸው የቁልፉ ርዝመት ነው። ታዲያ በቁልፉ ላይ የብረት ቱቦ ሲቀጠልበት ወይም በ10 ቁጥር ቡሶላ ላይ ረጅም እጀታ ሲገባ ይህ የተጠና ሚዛን ይፈርሳል፤ እጅም ሳያውቀው ይሳሳታል።

ይህን በቁጥር ለማየት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም የምናያትን ቮልስ እንውሰድ። የዚች መኪና ሥራ በሜክሲኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ቢቆምም ለዚህ ትምህርት ከእርስዋ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ምክንያቱም በአንዲት ትንሽ መኪና ላይ ሁለቱም ጽንፎች አሉ። በሞተሯ ሥር የዘይት ማጥለያውን የሚሸፍን ክዳን አለ፤ በስድስት ባለ 6 ሚሊሜትር ዳዶዎች ይታሠራል። የእያንዳንዱ ልክ 0.7 ኪሎግራም-ሜትር ያህል ነው። በኋለኛው አክስል ጫፍ ላይ ደግሞ ባለ 36 ቁጥሩ ትልቅ ዳዶ አለ፤ የርሱ ልክ 30 ኪሎግራም-ሜትር ነው። ከአርባ እጅ በላይ ልዩነት አላቸው ማለት ነው።

ስለ ትንሹ እንመልከት። 10 ቁጥሩ ቁልፍ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሚያስፈልገው ስበት 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ በሁለት ጣት የሚሠራ ነው። በሌላው ብሎን የለመደ ሰው እንደ ልማዱ በ25 ኪሎ ቢስበው ልኩን ከአምስት እጅ በላይ ያሳልፈዋል። የሞተሩ አካል ከማግኒዥየም ቅልቅል የተሠራ ለስላሳ ነገር ስለ ሆነ የብረቱ ብሎን ጥርሱን በልቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዘይት መንጠባጠብ ይጀምራል፤ ባለ መኪናውም «ጓርኒሲዮኑ ይቀየር» ይባላል። ሲቀየርም የቀሩት ዳዶዎች ፍሰቱን እንዲያቆሙ የበለጠ ይጠብቃሉ፤ እነርሱም በየተራቸው ይበላሻሉ።

ትልቁ ዳዶ ግን የሚያስፈራው በመላላቱ ነው። የኋላው የፍሬን ታምቡር በአክስሉ ላይ የሚቀመጠው በውስጡ ባሉት ጥርሶች ሲሆን፣ ዳዶው በሚገባ ካልተጠበቀ ታምቡሩ በነዳጅና በፍሬን ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ጥርሶቹን ይፈጫል። ጥርሶቹ ካለቁ አክስሉ ብቻውን ይዞራል፤ መኪናዋም አትሄድም። ይህ ብቻ ቢሆን ገፍቶ ወደ ጋራዥ መውሰድ ይቻላል። ነገር ግን የዚያው መንኰራኵር ፍሬን ያለው በዚያው ታምቡር ላይ ስለ ሆነ፣ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ የእግር ፍሬኑም የእጅ ፍሬኑም በዚያ በኩል ምንም አይዙም።

30 ኪሎግራም-ሜትር የሚለካ ቶርክ ሬንች በየጋራዡ የሚገኝ አይደለም። ታዲያ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ሚዛን የሚያውቅ ሰው መላ አያጣም። መኪናዋ በመሬት ላይ ቆማ የእጅ ፍሬንዋ ተይዞ፣ ጎማዎቿም በድንጋይ ታግደው፣ ጠንካራ እጀታ አግድም ይገባና ከዳዶው መሐል 50 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው መኪናዋን ለሚዛኑ ያህል ብቻ በእጁ ነካ አድርጎ በምልክቱ ላይ ቀስ ብሎ ሙሉ ክብደቱን ቢያሳርፍ 30 ኪሎግራም-ሜትር ሆነ። 75 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁም። እጀታው አግድም መሆኑ ግድ ነው፤ 45 ዲግሪ ቢያዘነብል ከልኩ የሚደርሰው ሰባ በመቶው ብቻ ነው። መዝለልም አይገባም፤ የሚዘል ሰው ክብደቱ ስንት እንደ ሆነ ማንም አያውቅም። ልኩ ከተደረሰ በኋላ የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ወደፊት ትንሽ ይጠበቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። ይህ አሠራር ከግምትም ከመሣሪያም መካከል ነው፤ እኔ ግን ከመለካት ወገን እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ቁጥሮች፣ ክብደቱም ርዝመቱም፣ ታውቀዋል።

እስካሁን የተናገርነው ለቶርክ ሬንች የሚያደላ ነው። መሣሪያውም አዲስ አይደለም። ኮንራድ ባር የተባለ የኒውዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰው የቧንቧ መጋጠሚያ ብሎኖች ያለ ልክ እንዳይጠብቁ ብሎ አስቦበት በ1937 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። ሆኖም ይህን መሣሪያ የያዘ ሁሉ ትክክል ሠራ ማለት አይደለም። ቶርክ ሬንች የሚያውቀው ቶርኩን እንጂ ውጥረቱን አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ሰበቃ አለ። በምህንድስና መጻሕፍት ተደጋግሞ እንደሚገኘው፣ ከምናወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ፣ አርባ በመቶ ያህሉ በጥርሶቹ ሰበቃ ያልቃል፤ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው አሥር በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በሰበቃው ላይ ትንሽ ለውጥ ሲደረግ በውጥረቱ ላይ ትልቅ ለውጥ ይመጣል።

በራሱ ላይ «8.8» ተብሎ የተጻፈበትን ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን በ100 ኒውተን-ሜትር እናጥብቅ። ጥርሱ ደረቅ ሲሆን ውጥረቱ 4 ቶን ከሩብ ያህል ይሆናል። ያንኑ ብሎን «በቀላሉ ይግባ» ብለን ዘይት ብንቀባውና መሣሪያውን በዚያው በ100 ላይ ብንተወው ውጥረቱ ከ5 ቶን ተኩል ያልፋል። ይህ ብሎን ደግሞ ተለጥጦ ወደ ቦታው መመለስ የሚያቅተው 5 ቶን ተኩል ላይ ሲደርስ ነው። መሣሪያው ግን በሁለቱም ጊዜ እኩል «ቀጭ» ብሎ ጮኋል። የዛገና ቆሻሻ የያዘ ጥርስ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ብሎኑ ገና ላላ ነው። ቀመሩን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ በዚህ ላይ በሽቦ ብሩሽ ጥርሱን ሳያጸዳ ከማያጠብቀው መካኒክ ብዙ የሚማረው አለ። በመጻሕፍቱ የሚሰጠው የስሕተት ልክም ይህንኑ ያሳያል፤ በእጅ ግምት 35 በመቶ፣ በቶርክ ሬንች 25 በመቶ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። ልዩነቱ ብዙዎች የሚገምቱትን ያህል ሰፊ አይደለም።

ይህን ሰበቃ ለማምለጥ ሲባል በብዙ የአሁን ሞተሮች ላይ የቴስታታ ብሎኖች መጀመሪያ በትንሽ ቶርክ ይያዙና ከዚያ በዲግሪ ተለክተው ይዞራሉ፤ 90 ዲግሪ ማለት ሩብ ዙር ነው። ጥርሱ በአንድ ዙር ስንት እንደሚጓዝ የታወቀ ስለ ሆነ ዲግሪው ስለ ልጠቱ ይናገራል። እንዲህ ካሉት ብሎኖች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግሉ የተሠሩ ናቸው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ አሮጌውን መመለስ ቴስታታውን ለአደጋ መስጠት ነው።

በእኔ አስተያየት መንኰራኵር፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ቴስታታና ከለስላሳ ብረት ጋር የተገናኘ ማንኛውም ብሎን ጥርሱ ተጠርጎ በመለኪያ ይጥበቅ፤ የታርጋና የመከላከያ ብሎን ለእጅ ይተው። ባለ ቀጭታው መሣሪያ ሲጮህ ወዲያው መተው ነው፤ «ለማረጋገጥ» ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ልኩን ማሳለፍ ነው። ሥራ ሲያልቅም ሞላው እንዳይደክም ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ይመለስ፤ በየዓመቱ ወይም 5000 ጊዜ ከሠራ በኋላ ይፈተሽ። የጎማ ብሎኖች እንደ ኮከብ ፊት ለፊት እየተዘለሉ በሁለት ዙር ይጥበቁ። ቸርኬው ቀለም ወይም ዝገት ካለበት ያ በመንገድ ላይ ተጨፍልቆ ውጥረቱን ይቀንሳልና፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ቆሞ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል።