ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል ወይስ ተኝቷል?

አንድ ማታ በትምህርት ቤታችን ንባባችንን ጨርሰን ልንበተን ስንል ክርክር ተነሣ። ነገሩን የጀመሩት አንዲት እናት ናቸው።

«ልጄ፣ እስቲ አንተ ፍረደን» አሉኝ። «እኔ ማታ ስተኛ የቴሌቪዥኑን ስፒና እነቅላለሁ። ባለቤቴ ግን በሪሞት ከጠፋ ጠፋ ነው፣ አትነካኪው ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?»

ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ ይህን ቴሌቪዥን የገዛነው ወይፈን ሸጠን ነው» አሉ። «ነጋ ጠባ ሲነቀል ሲሰካ እንዳይበላሽብን ብዬ እንጂ ክፉ አላልኩም።»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከእናትየው ጋር፣ ግማሹ ከአባትየው ጋር ሆነ። እኔም «በደንብ አስቤበት እመለሳለሁ» አልኩ። ይህ ትምህርት ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

1. ቀይዋ መብራት ምን ትላለች?

ቴሌቪዥኑን በሪሞት ስናጠፋው ሥዕሉም ድምፁም ይጠፋል። ከፊቱ ግን አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት በርታ ትቀራለች። ይህች መብራት «አልጠፋሁም፣ ተኝቻለሁ፤ ሪሞቱን ስትጫኑ እነሣለሁ» ማለቷ ነው። የሪሞቱን ትእዛዝ ለመቀበል የቴሌቪዥኑ አንድ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ይጠብቃል። ነቅቶ የሚጠብቅ ደግሞ ይበላል። ልክ እንደ ቤት ጠባቂ ውሻ ነው፤ ባይጮኽም ቀለብ ይፈልጋል።

እንግዲህ በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን በእርግጥ አልጠፋም። ከመብራቱ መስመር ጋር እንደተገናኘ ነው።

2. ስንት ይበላል? እናስላው

የኤሌክትሪክ ዕቃ ጉልበት የሚለካው በዋት ነው። 1,000 ዋት የሚበላ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ ቆጣሪው 1 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ሂሳብ የምንከፍለው በዚህ ቁጥር ነው።

አዲሶቹ ስስ ቴሌቪዥኖች ሲተኙ የሚበሉት 1 ዋት ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ጀርባቸው ትልቅ የሆነው አሮጌዎቹ ግን ከ5 እስከ 10 ዋት ሊበሉ ይችላሉ። የዲሽ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ይብሳል፤ ተኝቶም 10 ዋት የሚበላ አለ።

እስቲ በዚህ በ10 ዋቱ ሪሲቨር እናስላ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ 10 ሰዓት ነው።

በአንድ ሌሊት፦ 10 ዋት × 10 ሰዓት = 100 ዋት ሰዓት
በ10 ሌሊት፦ 1,000 ዋት ሰዓት፣ ማለት 1 ኪሎዋት ሰዓት
በ30 ሌሊት፦ 3 ኪሎዋት ሰዓት

አሁን ይህን ከእንጀራ ምጣድ ጋር እናወዳድር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይበላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቢጋገርበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ጋገራ ሪሲቨሩ በወር ሌሊቶች ሁሉ ከበላው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ «ስፒና እየነቀልኩ ብዙ ብር አጠራቅማለሁ» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ቁጠባ የፈለገ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳይበርድ ተከታትሎ ቢጋግር ይሻለዋል።

በዚህ በኩል አባትየው አልተሳሳቱም። የአንድ ቤት ቁጠባ ትንሽ ነው።

የብዙ ቤት ቁጠባ ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ሚሊዮን ቤት እያንዳንዱ 10 ዋት በከንቱ ቢያቃጥል 10 ሜጋዋት ይሆናል። በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የተተከለለት ኃይል 43 ሜጋዋት ያህል ነው። ስለዚህ የቆቃን አንድ አራተኛ የሚጠጋ ኃይል ማንም ላላየው ቴሌቪዥን ዋለ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

3. ትልቁ ጠላት ሌላ ነው

ስፒና የምንነቅልበት ዋናው ምክንያት ሂሳቡ አይደለም። ወይፈን የተሸጠበትን ዕቃ ለማዳን ነው። ዕቃውን የሚያጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው መብረቅ ነው። መብረቅ የግድ ቤታችን ላይ መውደቅ የለበትም። ራቅ ብሎ ምሰሶው ወይም መስመሩ አጠገብ ቢወድቅ እንኳ ኃይሉ በሽቦው ተጉዞ ቤት ይገባል። በዲሹ ገመድም ይገባል። ሪሞት አያቆመውም። ማብሪያ ማጥፊያውም ቢሆን አይበቃም፤ ከደመና እስከ ምድር የዘለለ እሳት በማብሪያው ውስጥ ያለችውን ጠባብ ክፍተት መዝለል አያቅተውም። የተነቀለ ስፒና ግን መንገዱን ይቆርጥበታል።

ሁለተኛው የመብራት መሄድና መምጣት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሊል ይችላል። በዚያች ቅጽበት የተሰካ ዕቃ ይመታል፤ የተነቀለ ይድናል።

ታዲያ ለምን «ማታ» አልን? ቀን ከሆነ ደመናው ሲጠቁር እናያለን፤ መብራት ሲሄድም እናውቃለን። ሌሊት ግን ተኝተናል። ዝናቡም ይመጣል፣ መብራቱም ሄዶ ይመለሳል፣ እኛ አናይም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

4. ምኑ ይነቀል? ምኑ አይነቀል?

ማታ ማታ የሚነቀሉት፦ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ቴፕና ሬዲዮ፣ የስልክ ቻርጀር ናቸው። ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀር የሚበላው ከምንም አይቆጠርም። አደጋው ስልኩን በትራስ ሥር ወይም በፍራሽ ላይ ሰክቶ መተኛት ነው፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

በየማታው የማይነቀለው ማቀዝቀዣ ነው። ምግብ ይበላሻል። በጤና ጣቢያ ያለ የክትባት ማቀዝቀዣ ደግሞ ፈጽሞ አይነካም፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። በዚያ የሚጎዳው ሕፃን ነው።

ቤታችሁ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ ሞልታ የምትይዘው 84 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። 5 ዋት የሚበላ የተኛ ዕቃ በ10 ሰዓት 50 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ሌሊት ልጅ ቢታመም ወይም ላም ብታምጥ መብራቱ እምቢ ይላል። በፀሐይ ኃይል ለሚኖር ቤት ማታ መንቀል ግዴታ ነው።

5. እንዴት ይነቀላል?

ሀ. እጅ ደረቅ ይሁን። በእርጥብ እጅ ስፒና አይነካም።
ለ. መጀመሪያ ዕቃውን አጥፉ፤ ቀጥሎ ንቀሉ።
ሐ. የስፒናውን ራስ ያዙ። ገመዱን አትጎትቱ፤ ውስጡ ይበጠሳል።
መ. ሕፃን አይንቀል፣ አይሰካም።
ሠ. የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ፍቱ። ስፒናውን ብቻ ነቅሎ እሱን መተው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት እንደመተው ነው።
ረ. ነጎድጓድ ከጀመረ በኋላ ስፒናም ገመድም አትንኩ። መንቀል የሚገባው ከዝናቡ በፊት ነው። ሰው ከዕቃ ይበልጣል።
ሰ. መብራት ሄዶ ሲመለስ አንድ አምፖል ብቻ አብሩ። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ብርሃኑ ካልተርገበገበ ሌላውን ሰኩ።
ሸ. ሶኬቱ ከላላ፣ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ አትጠቀሙበት፤ ባለሙያ ጥሩ። አይጥ የበላውን ገመድ በፌስታል መጠቅለል ጥገና አይደለም።

6. ፍርዱ

በሚቀጥለው ማታ ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ስሌቱን የሠሩት ራሳቸው አባትየው ናቸው። ከዚያ፦

«እንግዲህ ልጄ፣ የመላላቱ ነገርስ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሶኬት በየቀኑ ሲነቀልና ሲሰካ በጊዜ ብዛት ይላላል። የላላ ሶኬት ደግሞ ይሞቃል። ለዚህ መላ አለው። በበጋ ሰማዩ ጠራ ሲል ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ዲቫይደር ገዝቶ፣ ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን በእሱ ላይ ሰክቶ፣ ማታ ማብሪያውን ማጥፋት ይበቃል። ቀይዋ መብራት ትጠፋለች፤ ሶኬቱም አይላላም። ክረምት ሲገባ ግን፣ በበልግም ደመና ከታየ፣ ዲቫይደሩን ራሱን ከግድግዳው መንቀል ነው።

እናትየው ሳቁ። «ታዲያ በክረምት እኔ ልክ ነኝ፤ በበጋ እሱ ልክ ነው» አሉ።

«አይደለም» አሉ አባትየው። «በበጋም ማብሪያውን ካላጠፋሁ ልክ አይደለሁም።»

ክፍሉ በዚህ ተስማማ። እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቀይዋን መብራት ፈልጓት።

የቃላት ፍቺ

ስፒና — በሶኬት የሚሰካ የገመድ ጫፍ
ዲቫይደር — ከአንድ ሶኬት ለብዙ ዕቃ መብራት የሚያካፍል ማከፋፈያ
ቆጣሪ — የበላነውን መብራት የሚለካ መሣሪያ
ፍጆታ — የተበላ፣ ጥቅም ላይ የዋለ ነገር መጠን

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን ለምን መብራት ይበላል?
2. 5 ዋት የሚበላ የተኛ ዕቃ በ30 ሌሊት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል? አንዱ ሌሊት 10 ሰዓት ነው።
3. ነጎድጓድ ከጀመረ በኋላ ስፒና መንካት ለምን አይገባም?
4. በቤታችሁ ማታ የሚነቀሉትንና የማይነቀሉትን ዕቃዎች በደብተራችሁ ጻፉ። ለቤተሰባችሁም አንብቡላቸው።