ድምፁ ሁሉ ለአራተኛው፤ ቁልፍና ቁልፉ የሚያደርሰው መልእክት

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት በአንድ ምሽት እፍረት የተገዛ ነው። ለክፍል ተጠሪዎች ምርጫ የድምፅ መቁጠሪያ ፕሮግራም እንሥራ ባልን ጊዜ «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ከኮምፒዩተር ምን አለው?» ያሉን ጓደኞች ነበሩ። እኛም በፓይተን ቋንቋ፥ ከርሱም ጋር አብሮ በሚገኘው በቲኪንተር፥ አራት ቁልፎች ያሉበት መስኮት ሠራን፤ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ቁልፍ መሆኑ ነው። በሙከራው ዕለት ታዛቢዎች ተራ በተራ ቀርበው ሠላሳ ጊዜ ያህል ተጫኑ። ሁሉም ድምፅ ለአራተኛው ተወዳዳሪ ተቆጠረ። አራተኛው ደግሞ ከመካከላችን የአንዱ የመኝታ ክፍል ባልደረባ ነበር! ከታዛቢዎቹ አንዱ «ይህ ስሕተት አይደለም፥ ሥራ ነው» ሲል የምንመልሰው አጣን። መልሱን ያገኘነው ሌሊቱን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አጻጻፉ። የፓይተንን ቃላት እዚህ እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍረናቸዋል፤ በመኪናው ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ለፋንክሽን የምናወጣው ስም ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከፓይተን 3 ወዲህ አማርኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድምፅ የሚጨምረውን ፋንክሽን «ጨምር»፥ የተወዳዳሪውንም ቁጥር «ቁ» ብለነዋል።

ቁልፍ ሲሠራ «ኮማንድ» ለሚባለው ቦታ የፋንክሽን ስም ይሰጠዋል። ቁልፉ ስሙን ይዞ ይቀመጥና ሰው ሲጫነው ይጠራዋል። ችግሩ የሚነሣው ፋንክሽኑ ቁጥር የሚፈልግ ሲሆን ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ እኛም ጽፈነዋል፦

ኮማንድ = ጨምር(ቁ)

ቅንፉ ሲጨመር ግን ነገሩ ስም መስጠት መሆኑ ቀርቶ መጥራት ይሆናል። ፋንክሽኑ መስኮቱ ሳይታይ፥ ቁልፉም ገና ሲሠራ ይፈጸማል፤ ለቁልፉ የሚደርሰው ፋንክሽኑ የመለሰው ነገር፥ ማለትም ባዶ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ሲከፈት አራቱም ተወዳዳሪዎች አንዳንድ ድምፅ አግኝተው ጠበቁን፤ ቁልፎቹ ግን ቢጫኗቸው አይሰሙም። ፓይተን አንዳች የስሕተት ቃል አላሳየም። ደብዳቤ አድርስ ተብሎ የተላከ ሰው ደብዳቤውን በላኪው ፊት አንብቦ ባዶ ፖስታ ይዞ እንደሚሄድ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ጥሪውን በሌላ ስም አልባ ፋንክሽን ውስጥ ጠቅልሎ መስጠት ነው። ይህ ፋንክሽን ላምዳ ይባላል፤ ስሙ የመጣው አሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካቆመው ላምዳ ካልኩለስ ነው።

ኮማንድ = ላምዳ: ጨምር(ቁ)

አሁን ቁልፎቹ ሠሩ፤ እኛም ተደስተን ተኛን። ያሳፈረን ግን ይህችው መስመር ናት። አራቱን ቁልፎች የሠራነው በሉፕ ሲሆን፥ ፓይተን ከዜሮ ስለሚጀምር «ቁ» 0፥ 1፥ 2፥ 3 እየሆነ ይሄዳል። ላምዳው የሚይዘው የ«ቁ»ን ዋጋ ሳይሆን ስሙን ነው፤ ዋጋውን የሚጠይቀው በሚጫኑት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሉፑ ካለቀ ቈይቷል፤ «ቁ»ም 3 ላይ ቆሟል። ዜሮ አንደኛው ከሆነ፥ 3 አራተኛው ነው። በፖስታ ላይ «ለማኅበሩ ፕሬዚዳንት» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ከምርጫ በኋላ ቢደርስ የሚከፍተው አዲሱ ፕሬዚዳንት ነው፤ ጸሐፊው በልቡ ያሰበው የቀድሞውን ቢሆንም። የግለሰቡን ስም መጻፍ ነበረበት።

የግለሰቡን ስም መጻፍ ማለት ይህ ነው፦

ኮማንድ = ላምዳ ቁ=ቁ: ጨምር(ቁ)

«ቁ=ቁ» ለማየት የሚያስቅ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ «ቁ»ዎች አንድ አይደሉም። የቀኙ የሉፑ ነው፤ የግራው የላምዳው የራሱ አርጉመንት ነው። ፓይተን እንዲህ ያለውን ነባሪ ዋጋ የሚወስነው ላምዳው በሚፈጠርበት ቅጽበት ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱን ቁጥር ይዞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በፓይተን 2.5 የተጨመረው ፓርሻልም ይህንኑ ያደርጋል፦ ፓርሻል(ጨምር, ቁ)። ለንባብ እርሱ ይሻላል ባዮች ነን፤ ነገር ግን በመካከላችን ስምምነት የለም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ከጓደኞቻችን አንዱ መስኮቱ እንዲያምር ብሎ ያንኑ ፕሮግራም ወደ ፓይኪዩት አዛወረው። አሁን ድምፁ ሁሉ ለአንደኛው ተወዳዳሪ ሆነ! የቲኪንተር ቁልፍ በኮማንድ ሲጠራ ምንም አይልክም፤ የፓይኪዩት ቁልፍ ግን «ተጭኖ ቀርቷል ወይስ አልቀረም» የሚል እውነት ወይም ሐሰት ይልካል። ለተራ ቁልፍ የሚላከው ሐሰት ነው። ይህ ሐሰት በላምዳው የመጀመሪያ አርጉመንት ላይ፥ ማለትም በ«ቁ» ላይ ዐርፎ ያስቀመጥነውን ቁጥር ይተካዋል። በፓይተን ደግሞ ሐሰት ከዜሮ ጋር እኩል ነው። ለሚላከው ዋጋ ቦታ ሲለቁለት ይስተካከላል፦

ላምዳ ሁኔታ, ቁ=ቁ: ጨምር(ቁ)

በማግስቱ ታዛቢዎቹን ጠርተን እያንዳንዱን ቁልፍ አንዳንድ ጊዜ ብቻ እንዲጫኑ ለመንናቸው። ሰሌዳው 1፥ 1፥ 1፥ 1 አሳየ። «ሥራ ነው» ያለን ታዛቢ ግን ሁለተኛውን ቁልፍ ሰባት ጊዜ ደጋግሞ ከተጫነ በኋላ ነው የፈረመው።