የደጋ ውሻ ቆላ ሲወርድ

«የአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ሽንኩርት እየሰበሰብን ወደ አዲስ አበባ እንጭናለን። ችግሬ ለሰው ሲነገር ያስቅ ይሆናል፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ባለፈው ዓመት የባለቤቴ አባት ሲያርፉ አማቴን ከመንዝ አምጥተን አብረውን እንዲኖሩ አደረግን። እሳቸውም መከታ የሚባለውን የበግ ጠባቂ ውሻቸውን ‹ትቼው አልሄድም› ብለው ይዘውት ወረዱ። እኛ ደግሞ ስድስት ዓመት ያሳደግነው ቡቺ አለን። ሁለቱም ወንድ ናቸው።

በመጡ በሳምንቱ፣ ማታ የተረፈ ፍትፍት ማድቤቱ በር ላይ ስደፋላቸው ተያያዙ። ከዚያ ወዲህ መከታን ቀን ቀን ማንጎው ሥር በሰንሰለት እናስረዋለን። ሁለተኛ የተጣሉት እማማ ቡና እየጠጡ ለመከታ ዳቦ ሲቆርሱለት ነው፤ ቡቺ ከየት መጣ ሳይባል ዘሎ ወጣበት። ሦስተኛው የፋሲካ ለት፣ በግ አርደን አጥንት ስንጥል። ባለቤቴ ሊገላግል እጁን ሲሰድ ተነከሰ፤ የትኛው እንደነከሰው እንኳ አላየም። ቁስሉ ላይ ቡና ነስንሰን አሰርነው። የሚገርመው ሌሊት መከታን ስንፈታው ጠብ የለም፤ ጅብ ሲመጣ አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ቆመው ይጮኻሉ።

ባለቤቴ አሁን መከታን በአይሱዙ ጭኖ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ደብረ ሲና ላይ ሊጥለው ቆርጧል። እማማ ይህን ከሰሙ ወዲህ እህል በቅጡ አይቀምሱም፤ ‹እኔንም አብራችሁ ጫኑኝ› ይላሉ። ጎረቤታችን ሐጂም ለሶላት ታጥበው ሲወጡ ቡቺ እየተጠጋቸው ተቸግረዋል። ቡቺን ለሰው ልስጥ? መከታ ይሂድ? ምን ይሻለኛል?

መሀል የቀረሁት፣ ከሸዋ ሮቢት»

እህቴ፣ ከንክሻው ልጀምር። ደብዳቤሽ ላይ ስልክ ስለነበር ለኅትመት ሳልጠብቅ ደውዬልሽ ነበር፤ ባለቤትሽም ጤና ጣቢያ መሄዱን ነግረሽኛል። ለሌላው አንባቢ ግን ልድገመው፣ ቡናና አመድ ነስንሶ የሚያድር ቤት ብዙ ነውና። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ። ቡናም ቅጠልም አይጨመርበት። ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። የነከሰው ውሻ ደግሞ አይገደል፣ አይጥፋም፤ ለብቻው ሆኖ 10 ቀን ይታይ። 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሰውየው ግን ያን ቀን እየቆጠረ ቤቱ አይቀመጥ። የናንተው ነካሽ ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ሁለቱም ይጠበቁ። ባለቤትሽ መከታን በማግስቱ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ይህን የምታውቁበት መንገድ አይኖርም ነበር። ውሾቹ ተከትበው እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ካልተከተቡ ነገ ዛሬ ሳትዪ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጃቸው። ውሻ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ ሐኪሙ በሚሰጥሽ ቀጠሮ ይደገምለታል።

አሁን ወደ ጠቡ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ያንቺዎቹ በሚበሉበት ይናከሳሉ። ሦስቱን ጠብ ራስሽ ነሽ የጻፍሽልኝ፤ ፍትፍት፣ የቡና ዳቦ፣ የፋሲካ አጥንት። ሦስቱም ጊዜ መሀል ላይ የሚበላ ነገር አለ፣ አጠገቡም እናንተ አላችሁ። ጅብ ሲመጣ ግን መሀላቸው ምንም ስለሌለ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስለዚህ «አንዱ አንዱን ጠልቷል» የሚያሰኝ ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ አይታየኝም። የሚታየኝ ስድስት ዓመት ሙሉ ማድቤቱን በር የራሱ ያደረገ ውሻና ጌታው ሞተውበት፣ በጎቹን ተነጥቆ፣ ከእማማ ጉርሻ በቀር የኔ የሚለው የቀረው ነገር የሌለ ሌላ ውሻ ነው።

በዚያ ላይ ሰንሰለቱ አለ። ውሻ ሲፈራ ሁለት ምርጫ አለው፤ መሸሽ ወይም መግጠም። ስታስሪው የመጀመሪያውን ወሰድሽበት። ቡቺ እንደ ልቡ በሚዞርበት ግቢ መከታ ታስሮ ሲጠብቀው ቢውል፣ የቀረው ጥርሱ ብቻ ነው።

ሙቀቱንም አትርሺ። መንዝ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ከ1300 ሜትር ብዙም አይዘል። ጣርማ በር ላይ ጋቢ የደረበ ተሳፋሪ ደብረ ሲናን አልፎ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን እንደሚፈታ አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ውሻ ደግሞ ጋቢውን አያወልቅም። እንደ ሰው በቆዳው አያልበውም፤ ሙቀቱ የሚበርድለት በማለክለክ ነው። ለውርጭ የበቀለ ፀጉር ለብሶ በቀትር የሚያለከልክ ውሻ ትዕግሥቱ አጭር ቢሆን አይፈረድበትም። ጥላውና ውሃው ሳይቋረጥ ይኑረው፤ አንድ የውሃ ጣሳ ለሁለቱ ግን እንዳታደርጊ።

ይህን ስጽፍ የአማትሽ አገር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከእናንተ ሽቅብ፣ የይፋትን ቆላ ቁልቁል የሚያየው የመንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ አብረው ይውላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳዎቹ መንጋ መሀል ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፣ ግልገሎቻቸውንም አይነካም። አይጥ ለመያዝ ብቻውን ሲሞክር ከመቶው ሙከራ 25ቱ ሲሳካለት፣ በመንጋው መሀል ሲሆን 67ቱ ይሳካለታል። አንድ ቀበሮ ግልገል አፈፍ ሲያደርግ ግን ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ ወደ መንጋው እንዳይመለስም አባረሩት። እነዚህ አውሬዎች አይዋደዱም፤ አንዱ የሌላውን ነገር ስለማይነካ ብቻ አብረው ይውላሉ። ከመከታና ከቡቺም ከዚህ የበለጠ አትጠብቂ። ተቃቅፈው ባይተኙ ምን ቸገረሽ?

እንግዲህ የውሻን ነገር ማንበብ ልመዱ። ጅራት መቁላት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ጅራቱ ዘና ብሎ ከወገቡ ጋር አብሮ ሲወዛወዝ ደስ ብሎታል። ወደ ላይ ቆሞ ጫፉ ብቻ ሲርገበገብ፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት ሲደርቅ፣ አፉን ገጥሞ ሲያፈጥ ግን ቶሎ ብለሽ ስሙን ጥሪና አራርቂያቸው። ፊቱን ወደ ጎን ሲያዞር፣ እንቅልፍ ሳይኖርበት ሲያዛጋ፣ የሚበላ ሳይኖር አፍንጫውን ሲልስ «ጠብ አልፈልግም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ወገቡን ሽቅብ ካነሳ ደግሞ ለጨዋታ እየጠራ ነው።

ሲያጉረመርም አትምቱት። ልጅ ሳለሁ አባቴ ውሻችን ባጉረመረመ ቁጥር በዱላ ይለው ነበር። ውሻው ተማረ፣ ማጉረምረሙን ተወ። አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰማ የጎረቤት ልጅ ነከሰ። አባቴ «ውሻው ተበላሸ» አለ። ማስጠንቀቂያውን የነጠቅነው እኛው መሆናችን የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ለማላመዱ እንዲህ አድርጉ። ለአንድ ሳምንት ጨርሶ አይገናኙ፤ አንዱ ሲፈታ ሌላው ክፍል ውስጥ ይቆይ፣ በተራ። የሚተኙበትን ጆንያ አቀያይሪ፤ ውሻ ሰውንም ውሻንም የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ አሸዋው ሳይግል፣ ሁለት ሰው ሁለቱን በገመድ ይዞ ወደ ሮቢ ወንዝ ዳር ይውረድ። (ደጋው ሲዘንብ ወንዙ እንደሚሞላ ለናንተ አልነግርም።) እዚያ የቡቺም የመከታም ያልሆነ መሬት ነው። ፊት ለፊት አታጋጥሟቸው። አዲስ በሬ ከነባር ጋር ሲለማመድ እንደሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ጎን ለጎን፣ ግን ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቃችሁ ሂዱ። ገመዱን አታጥብቁት፤ የተወጠረ ገመድ ውሻውንም ይወጥረዋል። አንዱ ሌላውን አይቶ ዝም ካለ ወዲያው ቁራሽ ዳቦ ስጡት። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ሌላው ውሻ ብቅ ሲል ዳቦ ይመጣል እንጂ ዳቦ አይወሰድም። በየቀኑ ሁለት ሦስት እርምጃ ተቀራረቡ። አንዱ ከደረቀ ወደ ትናንቱ ርቀት ተመለሱ። አንዳንዱ ውሻ በሁለት ሳምንት ይለምዳል፣ አንዳንዱ ሁለት ወር ይፈጃል፤ የስድስት ዓመት ውሻ እንደ ቡችላ ቶሎ አይቀበልም። ማኮላሸት በወንዶች መካከል ያለውን ፉክክር ሊቀንስ ይችላል፣ ግን የማድቤቱን በር ጉዳይ አይፈታም።

ዳግም ከተያያዙ እጅ አይግባ። ባልዲ ውሃ ድፉባቸው። እምቢ ካሉ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እያንዳንዱን በኋላ እግሮቹ ይዞ ወደ ኋላ ይሳብ። ዱላ እሳቱን ያቀጣጥለዋል።

የሐጂን ነገር ቀላል አታድርጊው። ታጥበው ለሶላት ሲወጡ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካው የነካውን ማጠብ ሊኖርባቸው ነው፤ በእምነታቸው የሚጠነቀቁትን ነገር ያንቺ ውሻ እየተዳፈረባቸው ነው። አጥሩን አጥብቂ፣ በሶላት ሰዓት ቡቺን አስገቢው፣ ራስሽ ሄደሽም ይቅርታ ጠይቂ።

አሁን ወደ እማማ። የሁለቱንም ውሾች ምግብ ለእሳቸው አስረክቢ። «እማማ፣ እኔ ገበያ ለገበያ ስዞር እነዚህ ሁለቱ ተጣሉብኝ፣ እርስዎ ያብሉልኝ» በያቸው። ለቡቺ ከግቢው በአንዱ ጥግ፣ ለመከታ በሌላው፣ በአንድ ሰዓት፣ በየራሱ ሳህን ይቅረብ፤ ሲጨርሱ ሳህኑ ይነሳ። በቡና ሰዓት ለማንም አይቆረስ። አጥንት ለብቻ ለብቻ፣ በር ተዘግቶ። በግ ያረቡ እናት የከብትን ሰዓት መጠበቅ ያውቃሉ፤ ካንቺም ከኔም ይሻላሉ። ባል ቀብረው፣ ቤት ዘግተው፣ የማያውቁት ሙቀት ውስጥ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ያ ውሻ ባለቤታቸው ስም ያወጡለት፣ ድምፃቸውን የሚያውቅ የመጨረሻው ፍጡር ሊሆን ይችላል። «እኔንም አብራችሁ ጫኑኝ» ማለታቸው ማስፈራሪያ አይመስለኝም።

ስለ ምግቡ ካነሳሁ አይቀር፣ የሽንኩርት ነጋዴ መሆንሽን ሳነብ ደነገጥኩ። ሽንኩርት፣ ቀይም ነጭም፣ ጥሬም የተቁላላም፣ ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሴሎቹን ይሰብራል። አንድ ቀን የላሰው ጠብታ አይገድለው ይሆናል፣ በየማታው የወጥ ትራፊ ሲደፋለት ግን ይከማቻል። ፍትፍቱ ከወጥ ነጻ ይሁን፤ የተበላሸውን ሽንኩርትም ግቢ ውስጥ አትከምሪ።

ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት። ደብረ ሲና ላይ የተጣለ ውሻ ወይ በመኪና ይገጫል፣ ወይ ከመንገድ ውሾች ተቀላቅሎ የሌላ ሰው ልጅ ይነክሳል፣ ወይ ሽቅብ ወደ መንዝ፣ የጓሳ ቀበሮዎች ወዳሉበት ይሄዳል። ያልተከተበ ውሻ የሚያደርሰውን በሽታ የባሌ ተራሮች አይተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እዚያ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ከ500 አይበልጡም፣ ጥቂቶቹም ጓሳ ላይ ናቸው።

ቡቺንም ለማንም አትስጪ። ሁለት ወር የነገርኩሽን ሠርታችሁ አሁንም ደም የሚፈስ ከሆነ፣ ያኔ መሄድ ያለበት መከታ ነው፤ ወደ መንገድ ሳይሆን መንዝ ወደሚኖር፣ በግ ወዳለው ዘመድ፣ ተከትቦ። ያን የሚወስኑት ግን እማማ ናቸው፣ አንቺም ባለቤትሽም አይደላችሁም።