የድንበሩ አረም

ልጄ፣ ከአምስት አገር ሰዎች ጋር የሕዋ መንኩራኩር ሥራ እንድታስተባብሪ መመደብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልብሽ ቅን ነው፤ ጥድፊያሽን ግን አውቀዋለሁ። ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

1. ማን ምን እንደሚያዋጣ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ ከመጀመሪያው ጻፉት። ይህ ሥራ ወንፈል ነው፤ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ እምብዛም አይሄድም። ለጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ አውሮፓውያን አሪያን 5 ሮኬትና መሣሪያ አዋጡ፤ በምላሹ ቢያንስ 15 በመቶ የምልከታ ጊዜ አገኙ። ወንፈል በስንፍና ሲፈርስ እምብዛም አላየሁም። የሚያፈርሰው "እኔ ሁለት ቀን፣ እሱ ግማሽ ቀን" እየተባለ ሆድ ውስጥ የዋለ ቅሬታ ነው።

2. ለድንበሩ ባለቤት መድቢለት። ሁለት ገበሬ የየራሱን ማሳ ያርማል፤ አረሙ ወሰኑ ላይ ይበቅላል። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለው መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋው እንዲህ ባለ ወሰን ላይ ነው። የሁለቱ ወገኖች ስምምነት ኒውተን ይል ነበር፤ ከአንዱ ወገን የሚላከው ቁጥር ግን በፓውንድ የተሰላ ነበርና 4.45 እጥፍ ልዩነት አመጣ። ጉዞውን የሚከታተሉት ሰዎች ጠርጥረው ነበር፤ ጥርጣሬያቸውን ግን በደንቡ መሠረት አላስመዘገቡም። ያንቺ ጥርጣሬ ቡና ላይ ተወርቶ እንዳይቀር።

3. በሚሠራበት ሁኔታ ያልተፈተነ ዕቃ ተፈተነ አይባልም። የአሜሪካው መንኩራኩር ካሲኒ የአውሮፓን ሆይገንስ ተሸክሞ በ1997 ወደ ሳተርን ተነሣ። ሆይገንስ የሳተርን ጨረቃ በሆነችው ታይታን ላይ ሲወርድ መረጃውን ለካሲኒ ይልካል፤ ካሲኒ ለምድር ያደርሳል። የካሲኒ መቀበያ ግን ሙሉ ፍተሻ ሳይደረግለት ነበር የሄደው። በ2000 ቦሪስ ስሜድስ የተባለ የአውሮፓ መሐንዲስ ካሊፎርኒያ ካለው የጎልድስቶን አንቴና የሆይገንስን የሚመስል ምልክት ወደ ካሲኒ ላከ። ቀለል ያለ ሙከራ ይበቃል ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን የፍጥነቱንም ለውጥ አስመስዬ ካልሞከርኩ አለ። አምቡላንስ እየቀረበ ሲመጣ ጩኸቱ እንደሚቀጥን ሁሉ የመረጃውም ምት ይለወጣል፤ መቀበያው ያንን መከተል አቃተው። መንገድ ላይ ያለን ዕቃ ማን ይጠግናል? የካሲኒን መንገድ ለወጡት፤ በጥር 2005 ሆይገንስ በደህና አረፈ። ይህ ሁሉ ተለፍቶም ከሁለቱ የመቀበያ መስመሮች አንዱን የሚከፍተው ትእዛዝ ተረስቶ የፎቶዎቹ ግማሽ ጠፋ። ሰባት ዓመት ተጉዞ፣ አንዲት ትእዛዝ! የትእዛዝ ዝርዝርሽን ለሌላው ወገን ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

4. በአንድ እግር አትቁሚ። ኮሎምቢያ የተባለችው መንኩራኩር በ2003 ስትጠፋ የአሜሪካ ተመላላሽ መንኩራኩሮች ከሁለት ዓመት በላይ ቆሙ፤ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ሰው አልባ እንዳይሆን ያደረጉት የሩሲያ ሶዩዝ መንኩራኩሮች ናቸው።

5. ዝምታን እሺታ አትበዪው። አንድ ጊዜ በስልክ ስብሰባ "የሚቃወም አለ?" ብዬ ጠየቅሁ፤ ዝም። ፈረምኩ። የአንዱ ዕቃ ቀዳዳ ከሌላው ብሎን ጋር እንደማይገጥም ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለካ አንዱ ልጅ አይቶት ነበር፤ አለቃው ፊት መናገር አፍሮ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራሁ እጠይቃለሁ። ደግሞ ስብሰባውን ሁልጊዜ ባንቺ የቢሮ ሰዓት አትጥሪ። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ልጆቹ እንዳይነቁበት ኩሽና ገብቶ እያንሾካሾከ ነው የሚያዋራሽ። በሚቀጥለው ወር ሌሊቱ ያንቺ ይሁን።