የአያቶቻችን አገር ወዴት ነው?

የአባቶቻችንን ስም እስከ ሰባት ትውልድ ቈጥረን መናገር የምንችል ጥቂቶች አይደለንም። እነዚያ ሰዎች የኖሩበት ስፍራ ወዴት እንደ ሆነ ስንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ስለዚህ የቀድሞ የቦታ ስም እንዴት እንደሚፈለግ፣ ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን።

ከመካከላችን የአንዱ አያት በተዉት አሮጌ ወረቀት ላይ «የትውልድ ስፍራ፤ መናገሻ» የሚል ተጽፎ ነበር። እኛም በአምቦ መንገድ ወዳለችው ወደ መናገሻ ከተማ ሁለት እሑድ ተመላለስን፤ ቤተ ሰቡን የሚያውቅ ግን አላገኘንም። በመጨረሻ የአያትየውን ታናሽ እኅት፣ «እማማ፣ በልጅነትዎ ገበያ የሚወጡት ወዴት ነበር?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ሱሉልታ ነዋ!» አሉን። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። መናገሻ የከተማ ስም ነው፤ በወጨጫ ተራራ ያለው ደንም መናገሻ ይባላል፤ በአዲስ አበባም መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ከዚህም ሌላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የመናገሻ አውራጃ ነበረ፤ ሰበታና ሱሉልታም በዚሁ አውራጃ ይቈጠሩ ነበር። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ አውራጃው ኖሯል።

እንግዲህ አንደኛው ደንብ፣ ከስሙ አስቀድሞ ዘመኑን መጠየቅ ነው። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አዳማም ናዝሬት ተብለው ቆይተው ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል።

ሁለተኛው ደንብ፣ ስሙን በራሱ ቋንቋ መስማት ነው። በኦሮምኛ ቱሉ ኮረብታ፣ ለገ ወንዝ፣ ቡርቃ ምንጭ፣ መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው። «መልካ»ን ከ«መልካም» ጋራ የሚያዛምድ ሰው ወንዙን ትቶ ተረት ይከተላል። ጉለሌም የሰፈር ስም ከመሆኑ በፊት የጎሣ ስም ነው።

የኖርዌይ ሰዎች በዚህ ረገድ የእኛ ተቃራኒ ናቸው። በቀድሞ ዘመን የገጠሩ ሰው ከአባቱ ስም ቀጥሎ በሚኖርበት እርሻ ስም ይጠራ ነበር፤ እርሻ ሲለውጥም ስሙ አብሮ ይለወጥ ነበር። ቋሚ የቤተ ሰብ ስም በሕግ የታዘዘው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የእነርሱ ስም ቦታን ይነግራል፤ ዝምድናን ግን አያረጋግጥም። የእኛ ስም ትውልድን ይነግራል፤ ቦታን ግን አይነግርም። እነርሱ ኦሉፍ ሪግ የጀመረው፣ ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመ ትልቅ የእርሻ ስሞች መዝገብ አላቸው።

የእኛ መዝገብ ሽማግሎቻችን ናቸው። እማማን ባንጠይቃቸው ኖሮ ወረቀቱ እንዳሳሳተን ይቀር ነበር። ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንሄድ፣ ውሃ ከየትኛው ወንዝ ይቀዳ እንደ ነበረ፣ ገበያው የት እንደ ነበረ፣ በየትኛው ታቦት ይማል እንደ ነበረ ጠይቀን እንጻፍ። እርሻው ቤት ሲሠራበት ወንዙና ኮረብታው ስማቸውን ሊያጡ ይችላሉ፤ የሚያስታውሱት ሰዎችም ሁልጊዜ ከእኛ ጋራ አይኖሩም።